ሁለት የመዳብ ምላሶች

«አሸዋውን ተይው ሰኪና፤ መዳቡን ይበላዋል» እላታለሁ። አትሰማኝም። የሬዲዮዋን ሁለት የመዳብ ምላሶች፣ የባትሪ ድንጋዩ ጫፍ የሚነካቸውን፣ አንድ በአንድ በጣቷ ይዛ ትፈገፍጋለች። አረንጓዴው ዝገት ጥፍሯ ውስጥ ገብቶ ጎመን ስትቀነጥስ የዋለች አስመስሏታል።

ሬዲዮው ሆዱ ተከፍቶ በርጩማው ላይ ተጋድሟል። ምላሶቹን በጉጠት ነቅዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጎረቤቷ ሃያ ዓመት ወፍጮ ቤት ከሞተር ጋር የኖረ ስለሆነ ሬዲዮ አያቅተውም ብላ ጠራችኝ። እኔም አያቅተኝም አልኩ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው መቼም «አያቅተኝም» ማለት አያቅተውም።

«ድንጋዩን ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ ያስታወከው?»

«ቀቀልኩት።»

«ቀቀልሽው?»

«ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ ባሰጣው አልነቃ አለኝ። ቀቅይው ያለችኝ ገበያ አጠገቤ የምትቀመጠው አዚዛ ናት። እሷ ቀቅላ ስትከተው ሬዲዮዋ ሁለት ሳምንት ይዘፍንላታል።»

«ጨውና በርበሬውንስ አልረሳሽም?»

«ኦቦ ጂራ፣ ዛሬ እንኳ አታሹፍብኝ።»

ፌዙን እተወዋለሁ። ከገበያ መጥታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ለምን እንደቸኮለችም አውቃለሁ። ልጇ ፈዲሉ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን እነ ነጋሳ በዚያኛው ወገን፣ በአማፂዎቹ ሬዲዮ የልጃቸው ስም ከምርኮኞች ጋር ሲጠራ ሰሙ። መስማቱ ያሳስራልና ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ግን በማግስቱ የነጋሳ ሚስት ሽንኩርት እየመረጠች ብቻዋን ስትስቅ ገበያው ሁሉ አይቶ ነገሩ ገባው። የተማረከ አልሞተም ማለት ነው።

ስሞቹ የሚነበቡት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የዛሬው ዝርዝር የመጨረሻው ነው አሉ፤ ዛሬ ያልተጠራ ከእንግዲህ አይጠራም። አሁን አስር ተኩል አልፏል። ሬዲዮውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተን፣ ጆሯችንን አስጠግተን ልንሰማ ነው። ሱልጣን ከሱቁ ጓዳ ፈልጎ የሰጣት አራት አዲስ ድንጋይ በሻሿ ጫፍ ተቋጥሯል።

«እርሾ አለሽ? ያደረ፣ ፊት የሚያጨማድድ?»

«እርሾ ለሬዲዮ?»

«ወፍጮ ቤት የሞተሩን የመዳብ ቱቦ በሎሚ ነበር የማጥበው። ከጉደር ሎሚ እስኪመጣልሽ ቅዳሜን ትጠብቂያለሽ?»

ትነሳለች፤ ወገቧን ይዛ። በጎድጓዳ ሳህን ቢጫውን የእርሾ ውሃ ይዛ ትመለሳለች። «ነገ ሬዲዮው ቢቦካ አንተን ነው የምከሰው» ትለኛለች። ከመጣሁ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቀልድ ነው።

ቆንጠር አድርጌ ጨው እጨምራለሁ። ምላሶቹን እንነክራለን። ጥቂት እንደቆዩ አረንጓዴው እንደ ሻጋታ እየተላቀቀ ይንሳፈፋል። አውጥታ በአመድ ታሻቸዋለች፤ መልሳ ትነክራለች፤ መልሳ ታሻለች። ከሥር ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል።

«ሲወለድ እንዲህ ነበር» ትላለች ቀስ ብላ። «ቀይ፣ ከእጅ የሚያሟልጭ።»

 «ጃባዱ ሰኪና፣ አይዞሽ» እላለሁ።

ምላሶቹን በንጹህ ውሃ ታለቀልቃለች፤ በቀሚሷ ጫፍ ታደርቃለች። የማምሻ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጋሉ። ወፍጮ ቤት ስኖር እንዲህ የጠራ መዳብ አላየሁም።

«በይ አምጪ፣ ልግጠማቸው። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።»

አትሰጠኝም። ሁለቱንም መዳፏ ላይ አጋድማ ታያቸዋለች።

«ገና ናቸው» ትላለች። «ጥጋቸው ላይ አረንጓዴ አለ።»

ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ምንም የለም። ገልብጬ አያለሁ። ምንም የለም። «ዓይንሽም እንደ ድንጋዩ መቀቀል አለበት» ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ ቀና ስል ግን እጇን አያለሁ። ድንጋዮቹ ያሉበትን የሻሿን ቋጠሮ በሌላው እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ እንዳልፈታው።

«እውነትሽን ነው» እላለሁ። «ጥጋቸው አልጠራም።»

ሳህኑን አስጠጋለሁ። ጨው እጨምራለሁ። አንዱን ምላስ እኔ እወስዳለሁ፣ አንዱን እሷ፤ አመድ እየነካን የጠራውን መዳብ እናሻለን።

ከመንገዱ በኩል የነቀምቴው አውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል። እሱ እዚህ አምቦ የሚገባው አስራ አንድ ላይ ነው። ሁለታችንም ቀና አንልም። በመካከላችን ሬዲዮው ሆዱን እንደከፈተ ተጋድሟል።