ሦስት ጊዜ የተፈታው ካርቡሬተር

መካኒኩ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አድሶ ከገጠመው ወዲህ አሮጌው ትራክተር ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋ ነበር። የቤንዚኑን ቱቦ ነፋው፤ ንጹሕ ነው። ባሏን ከቀበረች ወር ያልሞላት የትራክተሩ ባለቤት ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆማ ታየዋለች። የተከራየችው እርሻ እስከ ማታ ካልታረሰ አከራዩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ሁለቱም ያውቃሉ።

«እትዬ፣ ይኸ ትራክተር የለየለት ሰካራም ነው፤ ይነሣል፣ ይወድቃል» አላት፣ ምናልባት ፈገግ ካለች ብሎ።

«ሰካራምስ ቤቱን አይስትም፣ ወንድሜ» አለችው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው። ጠረጴዛው ዘንድ ወስዶ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ሲጠርግ፣ ከኋላው ሞተሩ ተነሣ። ዘወር ቢል ሴትዮዋ ትራክተሩ መቀመጫ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች።

«ኧረ እትዬ፣ ይቆዩ! ካርቡሬተሩ እኮ እኔ እጅ ላይ ነው!»

«አውቃለሁ፤ እየመሸብኝ ነው» አለችና ማርሽ አስገባች።

ካርቡሬተሩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሞ ተመለከታት። ማረሻው አፈሩን እየገለበጠ ከእርሻው መካከል ደረሰ። አየር ዘግቶ ሞተር ማጥፋት የለመደ እጁ፣ እርሱ ሳያስበው፣ የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፉ ከደነው። ትራክተሩ ቀጥ አለ።

ሴትዮዋ ዘወር እንኳ ሳትል፣

«መዳፍህን አንሣልኝ» አለችው።