የፍስክ ኬክ

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የኮንዶሚኒየማችን ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ሕግ አወጣ፦ «እስከ ፋሲካ የፍስክ ምግብ ኢሞጂ የላከ ይባረራል።» ከነዋሪው አድሚኑን በመልክ የሚያውቀው የለም፤ ፎቶው ላይ ያለው ጽጌረዳ ነው። አንዲት እናት «በርገሩ ውስጥ ያለው ምስር ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁና ተባረሩ።

የአራተኛ ፎቁ ልጅ ግን ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ሕንፃ የምትኖረው ማኅደር ጋ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ባያት ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ስልኳንም የቤት ቁጥሯንም አያውቅም። ማክሰኞ ዕለት ግሩፑ ላይ «ዛሬ ልደቴ ነው» ብላ ጻፈች። እሱም ወኔውን አሰባስቦ የኬክ ኢሞጂ ላከላት።

ወዲያው መለሰች። «ውይ፣ አመሰግናለሁ! ስንተኛ ፎቅ ነህ?»

«አራተኛ» ብሎ ጽፎ ሳይጨርስ ተባረረ። ኬክ እንቁላል አለው።

የግቢውን ጥበቃ ለምኖ የአድሚኑን ቤት አወቀና በምሳ ሰዓት ሄዶ አንኳኳ። አንድ ሪዛም ጎልማሳ እያላመጡ ከፈቱለት።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ ይመልሱኝ! ልጅቷ ጠይቃኝ ሳልመልስላት እኮ ነው ያባረሩኝ። ደግሞ ኬኩ የጾም ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ከውስጥ የሴት ድምፅ ተጣራ። «ሙዘይን! ቅቅሉ ቀዘቀዘ እኮ!»

ልጁ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ። ጠረጴዛው ላይ የበግ ቅቅል ይጨሳል።

«ጋሼ... እርስዎ አይጾሙም እንዴ?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ልጄ» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «ጾሙ የእናንተ ነው፤ ግሩፑ ግን የእኔ ነው። ለፋሲካ እመልስሃለሁ።»