የዲቃላዋ ወይን ጠላት

የመንግሥት የምርመራ መጥሪያ ለሦስተኛ መኸር ደረሰው። ወጣቱ ሠራተኛ ኤሊ በከሰል ማውጫው አለቃ ፊት ቆሞ አገሩ ለመሄድ ፈቃድ ሲለምን ደሙ ፈላ። በፈረንሳይ አገር በሴቬን ተራራ ላይ፣ ሟች አባቱ ደጃቸው ላይ የተከላት የወይን ሐረግ አሁን በእሱ ስም ናት። ምርመራው ደግሞ ባለቤቱ ባለበት ነው የሚደረገው፤ መቅረት አይቻልም።

ሐረጊቱ ክሊንቶ የሚሏት፣ ዘሯ ከአሜሪካ የመጣ ዲቃላ ናት። በሽታ የአገሩን ወይን ሁሉ ሲፈጅ እሷን ንክች አላደረጋትም። የወይን ጠጇ ጥቁር ነው፤ ከንፈር ያጠቁራል፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። መንግሥት ግን ታሳብዳለች ብሎ ከልክሏታል። መንደሩ በየጓዳው ይጠጣታል፤ እስካሁን ከመንግሥት በቀር ያበደ የለም ይባባላሉ።

ግማሽ ቀን በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ ሲደርስ እናቱ ሱዛን ሾርባውን አሙቃ፣ አልጋውን አንጥፋ ጠበቀችው። ስለ ምርመራው አልጠየቀችም። ከሳህ አለችው። ለገና ይመጣ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ እንደ አምናው ሥራ አለብኝ አላት።

"የጠቆመብን ማዝል ነው፣ እማዬ" አለ። ማዝል ጎረቤታቸው ነው፤ በምንጭ ውሃ ሰበብ ከኤሊ አባት ጋር እንደተኳረፉ አባትየው ሞተ። ሱዛን ሾርባ ጨመረችለት።

በማግስቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪው መጣ። ሐረጊቱን ቀና ብሎ አየ፣ አንድ ብርጭቆ ቀመሰ፣ ለሦስተኛ ጊዜ "እስከ ፀደይ ትነቀል" ብሎ ጻፈ፤ መጥቶ የሚያስነቅል ግን ኖሮ አያውቅም። ኤሊ ጠቋሚው ማን እንደሆነ እንዲነግረው ቢለማመጠው፣ ስም አይነገርም ብሎ ሄደ።

ኤሊ በቀጥታ ማዝል ደጅ ደረሰ።

"ምን አድርጌዎት ነው በየዓመቱ የሚያስጠሩኝ?"

"እናትህ በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ትሰጠኛለች" አለ ሽማግሌው። "የምጠጣበትን ጉድጓድ እኔው እደፍናለሁ?"

ኤሊ አላመነውም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ብሎት ተመለሰ።

ንዴቱ አልበርድ አለው። ከአባቱ የቀረችው ይህችው ሐረግ ብቻ ናት፤ ቢሆንም በየዓመቱ ፈቃድ መለመን አንገሽግሾታል። አለቃው ደግሞ ዳግመኛ ፈቃድ ብትጠይቅ ወደ ሥራ አትመለስ ብሎታል። መጥረቢያውን አንስቶ ከሐረጊቱ ሥር ቆመ።

"ቆርጬያት ልገላገል" አለ። "ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያስጠራኝ አያለሁ።"

እናቱ እየሮጠች መጥታ ክንዱን ያዘችው።

"ተው ልጄ፣ እሷን ከቆረጥክ ከእንግዲህ በምን አስጠራሃለሁ?"