አራት ሰከንድ

ሻጩ ሁለቱን የስቱዲዮ ፍላሾች ጎን ለጎን አቁሞ የመጀመሪያውን ብልጭ አደረገው። ወዲያው «ቲት» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንዳዩት ነው፤ ወዲያው ይሞላል። ያኛው ግን አራት ሰከንድ ይፈጃል፣ እንደ ድሮው የእርስዎ ፍላሽ።»

«እስቲ ያንን» አለ ፎቶ አንሺው።

ሁለተኛው ብልጭ ሲል ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍላሹ ብልጭ ባለ ቁጥር እንዲሁ ፈቀቅ ይል ነበር። ሚስቱ በዚያች ክፍተት ሹልክ ብላ የሙሽራውን ኮሌታ ታስተካክልና «ምነው፣ ሊያርዱህ ነው እንዴ? ፈታ በል እንጂ!» ብላ አስቃው፣ ፍላሹ ሞልቶ ሳይጮህ ትመለስ ነበር። ከቀበራት ሦስት ወሩ ነው፤ ለእግሩ ግን መርዶውን የነገረው የለም።

የለቀቀላት ቦታ ባዶውን ቆየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «ቲት» አለ።

«ገመዱ ጠለፈዎት እንዴ?» አለ ሻጩ።

«አይ።» ወደ ቦታው ተመለሰ። «የመጀመሪያውን ጠቅልልልኝ። ፋታ የማይሰጠውን።»