ሰላም ያልመለሰው ሰውዬ

ጎረቤታችን ጋሼ ነጅሙዲን አህያቸውን መንገዱ ላይ አቁመው «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላሉ። እኔና አባቴ ከማሽላው በላይ፣ ማማው ላይ ተቀምጠናል። ሰላምታው ግን ለእኛ አይደለም። ማሳው ዳር ለቆመው፣ እኔ ለሠራሁት የወፍ ማስፈራሪያ ነው።

አባቴ ሊመልስ አፉን ይከፍትና ይተወዋል።

በስታቲስቲክስ ተመርቄ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤት ገብቼ ወጣሁ። ማጀቴ ከተማ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ አንድ ክረምት ተቀመጥኩ። ከዚያ የሰርግ መጥሪያ ስስል ከረምኩ። አባቴ ሲሰለቸው፣ ጀውሃ ያለው አጎቴ ኑዕማን መለዋወጫ መደብሩ ውስጥ እንዲያስገባኝ ተነጋገረ። እስከ ጁምዓ ታገሠኝ፣ ወፉን የሚያባርር ነገር ልሥራልህ ብዬ አባቴን ለመንኩት። ዓይንና አፍ እንዳታበጂለት፣ ፊት የአላህ ሥራ ነው አለኝና ተወኝ።

ሰውነቱን ከአገዳ አሰርኩ፤ ራሱን በሻሽ ጠቀለልኩ፤ የአባቴን አሮጌ ኮትና ሽርጥ አለበስኩት። ፊት የሌለው ሰው በምን ይታወቃል ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ የአባቴን አቋቋም ሰጠሁት፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን በላዩ ጣል አድርጎ፣ ግራ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

ካቆምኩት ወዲህ ወፍ ዝር አላለም። አባቴ ግን ይሄም ሥራ ተብሎ ነው ወይ እያለ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጀውሃ የሚወስደኝን ባጃጅ ተነጋግሮ መጥቷል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አደም» ይላሉ ጋሼ ነጅሙዲን፣ አሁን ጮክ ብለው።

አባቴ ስሙ ሲጠራ ይደነግጣል። የቆመውን ማስፈራሪያ ያየዋል፤ ዱላውን፣ ትከሻውን፣ ጉልበቱን። ከዚያ እኔን ያየኛል። እኔ እግሬን አያለሁ።

«ሰላም እንኳ ትነፍገኛለህ?» ይላሉ ጋሼ ነጅሙዲን። ቆይተው ድምፃቸው ይለሰልሳል። «እሺ። የዚያን ዕለት ማሳህ ውስጥ የገባችው አህያ የኔ ናት። ወላሂ ልነግርህ ነበር፣ አፈርኩ። ሁለት ራስ ማሽላ ብትበላ ነው።» ትንሽ ያስባሉ። «አምስት።»

አባቴ አፉን በፎጣው ይዞ ጎንበስ ይላል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ተቆጣ ስል፣ ሳቁ ያመልጠዋል።

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ነጅሙዲን» ይላል ከላይ።

ጋሼ ነጅሙዲን ወደ ማማው፣ ከዚያ ወደ ሰውዬው፣ እንደገና ወደ ማማው ያያሉ። «ሱብሃነላህ» እያሉ ቀርበው እጅጌውን ይጨብጣሉ። አገዳው ሲንኮሻኮሽ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ማን እንደሠራው ይጠይቃሉ።

አባቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ይመልሳል።

«ሂዳያ ናት» ይላል በመጨረሻ። «ልጄ። ሥራዋ ነው።»

ጋሼ ነጅሙዲን እንግዲያው እሳቸውንም እንድሠራቸው ይለምናሉ፤ ወንዝ ማዶ ያለውን ማሽላቸውን ወፍ ጨረሰባቸው። «ግን ከአደም ቀጠን አድርጊኝ» ይሉኛል።

ከማማው እወርዳለሁ። ሜትር አልያዝኩም እላለሁ። አባቴ ተከትሎኝ ወርዷል። አንድ ፍሬ እንዳይነካበት ሲጠብቀው የከረመው ማሽላ ውስጥ ይገባና ረጅሙን አገዳ ከነራሱ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ለመለኪያ ያቀብለኛል።

ጋሼ ነጅሙዲን መንገዱ መሀል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።