በፍሬአብ ፎቶ

በቴስታ! ደቻሳ ፍሬአብን በቴስታ ነው ያለው! አፍንጫው ቀሽ ሲል እኮ ሩቲ ከአስፋልቱ ማዶ ሰምታዋለች። ያ የላንቻው ፀጉር አስተካካይ፣ ያ ዲምፕል ያለው ቆንጆ፣ ማሽኑን እንደያዘ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ዘጭ!

ደቻሳ ሚኒባሱን ተሳፋሪ እንደጫነ መሀል መንገድ ላይ ጥሎት ነው የወረደው። ከኋላው ክላክስ በክላክስ ሆኗል። እሱ ምን ገዶት! የፍሬአብን ጎን በእርግጫ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ ሌላ።

"ምን አደረኩህ?" ይላል ፍሬአብ፣ ደም እየተፋ።

"ግሩፕ ላይ አፍህን ስትከፍት አላወቅክም?"

በቃ፣ ሩቲ ልትሻገር የጀመረችውን መንገድ ተወችው። አፏን የከፈተችው እሷ ናታ! ማለቴ፣ ፍሬአብን ስለምትወደው በስሙ አካውንት አወጣች፣ ፎቶውን ለጠፈችበት፣ የካዛንቺስ ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባች። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ መገናኛው እሱ ነው። ትላንት ደቻሳ "ዋንጫው ዘንድሮ የአርሰናል ነው" ሲል፣ "አርሰናልና ያንተ ሚኒባስ አንድ ናቸው፣ መጨረሻው ፌርማታ ሳይደርሱ ይቆማሉ" ብላ ጻፈች። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። ሞቅ አላት። "ኮንዶሚኒየም ስለደረሰህ ነው የምትንጠባረረው" ሲል ደግሞ፣ "እናትህ ስብሰባ ላይ የምታጨበጭበው ለአበል አይደል?" አለችው።

"እናቴን ከቀበርኳት ገና ሦስት ሳምንቴ ነው!" ጮኸ ደቻሳ በእርግጫው መሀል።

ሩቲ ለቅሶውን አልሰማችም ነበር። ድሮ ቢሆን ድንኳኑ ደጃቸው ላይ ነበር የሚተከለው።

ደቻሳ የክሪክ ብረቱን ከመኪናው አምጥቶ አነሳ። ግማሽ ራሳቸውን ብቻ የተላጩት ጋሽ ሃብተአብ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ ዘለው ክንዱን ያዙት። "ተው ልጄ! ትገድለዋለህ!" ብረቱ የፍሬአብን ጭንቅላት ስቶ የበሩን መስታወት ዱቄት አደረገው። ስብርባሪው ፍሬአብ ላይ ዘነበ።

"ቴሌግራም የለኝም!" ጮኸ ፍሬአብ። ከኪሱ አሮጌ ኪፓድ ስልክ አወጣ። "እየው! በእናትህ ነፍስ እየው!"

ደቻሳ አየው። ብረቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

ፍሬአብ ዞር ሲል ሩቲን አያት። እፎይ አለ እኮ! እሷን ሲያይ እፎይ አለ!

"ሩቲዬ፣ ነይ። አንቺ ስልክ ትችያለሽ። በማርያም፣ በስሜ የገባውን ሰው አውጪልኝ።"

ሩቲ ተሻገረች። ደቻሳ የራሱን ስልክ እጇ ላይ አኖረው። ስክሪኑ ላይ የፍሬአብ ፎቶ ይስቃል፣ ከስሩ የሷ ጽሁፍ። ሰዉ ሁሉ ከበባት። ደቻሳ ብረቱን መልሶ ጨበጠ።

"ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ሚጣ።"

እሺ እናንተ፣ በሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?