በጊታሩ ሆድ ውስጥ

እትዬ ይርገዱ የሟች ባሏን ጊታር ልትሸጥ ነው ሲሉኝ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ስደርስ ገዢው ሳሎኗ ቁጭ ብሏል። ጊታር ሰብሳቢ ነው አሉ፤ አይጫወትበትም፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያየዋል።

“ማርቲን የሚባለው የጥንት ጊታር ነው እማማ፣ እንዲህ ያለ ስፈልግ ስንት ዓመቴ” አላት። “ውስጡ ካልተነካካ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።”

እሷም ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ልትቀይርበት ቋምጣለች።

ከኪሱ የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት ትንሽ መስታወት አወጣ። እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።

“አስካለ፣ ምን ያቅበጠብጥሻል? እረፊ እስቲ” አለችኝ።

“ሆድ ዕቃውን ምን ያስጎረጉርሃል ልጄ? ላዩን አይተህ አትገዛም?” አልኩት።

“ዋጋው ያለው እኮ ሆዱ ውስጥ ነው” ብሎ ሳቀና መስታወቷን በቀዳዳው አስገብቶ በስልኩ አበራ። “የፋብሪካው ማህተም አለ። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ‘የተጫወትኩት ሁሉ ለአስካለ ነው’ ይላል።”

ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት።

እትዬ ይርገዱ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

“እሱን ድሮ አንብቤዋለሁ” አለችው። “ዋጋ ይቀንሳል እንዴ?”